ልጄን ማን ይረከብ

ባሌ ሲሞት ቤታችን ውስጥ ሁለት የሥራ መደቦች በአንድ ቀን ክፍት ሆኑ፤ አንደኛው የባልነት፣ ሁለተኛው የሞግዚትነት። ለመጀመሪያው ማስታወቂያ የማውጣት ሐሳብ የለኝም። ሁለተኛው ግን አስቸኳይ ነበር። ልጄ ገና ዓመት ከአራት ወሯ ነው። እኔ ደግሞ ሶዶ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የፊርማ ወረቀቱ ይነሣል።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን በረንዳችን ላይ ተክሎ ስለሚሠራ ልጅቷን ቀኑን ሙሉ የሚይዛት እሱ ነው። መዳህ ስትጀምር ወገቧን በቁራጭ ጨርቅ አሰረና ጫፉን ከስፌት መኪናው እግር ጋር ቋጠረው። ሱሪ ሊያሳጥሩ የሚመጡ ሰዎች አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም።

«አንተ ሰውዬ፣ በግ ነው እንዴ የምታረባው?» ይሉታል።

«በግማ ብትሆን እስካሁን ሸጫት ነበር» ይላቸዋል፣ አፉ ውስጥ መርፌ እንደያዘ።

ጨርቁ የተለካ ነው። ከበረንዳው ጫፍ አንድ ስንዝር ሲቀራት ያቆማታል። አንድም ቀን አልወደቀችም። የወደቀው እሱ ነው፤ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሰው ኮት እጅጌ እንደያዘ፣ ከወንበሩ ላይ። ልብ ነው አሉ። የእሱ ወገኖች ጸልየው ቀበሩት፤ የእኔ ወገኖች አርባውን ቆጠሩለት። እኔ ከሁለቱም ጋር ሆኜ የቆጠርኩት የፈቃድ ቀኖቼን ነው።

የሐዘን ፈቃዴ ሲያልቅ የዓመት ፈቃዴን ደረብኩበት። እሱም ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አማቴ ከበዴሳ መጡ።

«ልጅቷን እወስዳታለሁ» አሉኝ፣ ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይቀመጡ። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

«እስከ መቼ፣ እማማ?»

«ትምህርት እስክትጀምር።»

«ሦስት ዓመት?»

«ሦስት ዓመት ምን አለው? በቆሎ አይደለች፣ አትነቅዝ።»

አማቴ የእህል ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ደጃፉ የእህል ተራ፣ ጓሮው የከብት በረት ነው፤ በሁለቱ መካከል ሞተር ሳይክሎች ሰው ጭነው ያልፋሉ። ባለፈው ገና ሄደን ልጄን ለአፍታ ከዐይኔ አጣኋትና ያገኘኋት ሚዛኑ ላይ ነው። አማቴ ከገዢ ጋር ሲከራከሩ እሷ ከበቆሎው ጋር ተቀምጣ እየተመዘነች ነበር። ገዢው እንኳ አላያትም፤ ያየው ቁጥሩ መጨመሩን ነው፣ ተቃወመ።

እሳቸው ዘጠኝ ወልደው ስድስት አሳድገዋል። አሁን አምስት ናቸው። እሳቸውም ሐዘንተኛ መሆናቸውን የምረሳው ሲጮኹብኝ ብቻ ነው። ልጅቷን ለምን እንደሚፈልጓት አውቃለሁ፤ ፊቷ የማን እንደሆነ እኔም አያለሁ። ግን ልጄን ሰጥቼ ባዶ ቤት ስገባ ደግሞ ታየኝ። ባል የሞተባት ሴት ልጇንም ወደ ገጠር ከላከች፣ የቀራት የስፌት መኪና ነው።

«የማምነው ሰው ካገኘሁ እዚሁ ትቀራለች» አልኳቸው።

«ሶዶ ውስጥ? በሁለት ሳምንት?» ሳቁ። «እሺ። ካገኘሽ ያገኘሻትን እኔም አያታለሁ። ካላገኘሽ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ልብሷን አጥበሽ ጠብቂኝ።» ሥራ የምገባበትን ሳምንት ቅዳሜ ማለታቸው ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ገዛ መሥሪያ ቤቴ ነው። ከዓመታት በፊት ከላይ ደብዳቤ መጥቶ፣ ለሠራተኞች ልጆች ማቆያ ክፍል ይዘጋጅ ተብሎ ነበር። ክፍሉም ተሰጥቷል፤ በሩ ላይ ጥንቸል ተስሎበታል። ጥንቸሉን በየቀኑ አልፈዋለሁ። አለቃዬ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ትሑት ሰው ነው።

«የሕፃናት ማቆያ አለን አይደል?» አልኩት።

«አለን። ሪፖርት ላይም አለ።»

«ቁልፉን ማንን ልጠይቅ?»

ትንሽ አፈረ። «ቁልፉ እኮ አንቺ ጋ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ የፋይል ክፍል ብዬ ስለለመድኩት ረስቼው ነበር። ሳላገባ፣ ሳልወልድ፣ የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ፋይሎች ሲረጥቡ፣ ያ ክፍል ያለ ሥራ ስለተቀመጠ ለፋይል ማከማቻ ይሰጠኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገብቼ አየሁት። ካርቶኑ ጣሪያ ነክቷል። ከማዕዘኑ አንድ ሰማያዊ ፖፖ አለ፤ ውስጡ የማኅተም ቀለም ጠርሙሶች አስቀምጬበታለሁ። ደብዳቤዬንም አውጥቼ አነበብኩት። በደንብ የተጻፈ ነበር። እኔም አለቃ ብሆን እፈቅድ ነበር።

«ፋይሉን ለማዛወር ቦታም በጀትም የለም» አለ አለቃዬ። «ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ እናስገባዋለን።»

በሚቀጥለው ዓመት ልጄ ራሷ ሄዳ ማመልከት ትችላለች። ሌላ እርዳታ ይኖር እንደሆነ የሚመለከተውን ቢሮ ጠየቅኩ። ደመወዝ ስላለኝ ድሃ አይደለሁም ተባልኩ። ደመወዜን ስለማውቀው፣ ሀብታም እንዳልሆንኩ ደግሞ ማንም አልነገረኝም፤ አላስፈለገም። የምከፍለው ከዚያችው ደመወዝ መሆኑን ተረድቼ ወጣሁ።

ቀጥሎ ለደላላ ነገርኩ። በማግሥቱ ከቢጠና አካባቢ መጣች ያላትን ልጅ ይዞ በሬ ላይ ቆመ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዐሥራ ስምንት» አለ ደላላው።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ለእሷም አዲስ ወሬ ሳይሆንባት አልቀረም። ልጄን ስታቅፋት አየሁ፤ ሁለቱም የሚያቅፋቸው የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«ይህቺ ልጅ ራሷ ሞግዚት ያስፈልጋታል» አልኩት።

«እህቴ፣ ዕድሜ እኮ ይጨምራል።»

«ሲጨምር አምጣት።»

ልጅቷን ምሳ አብልቼ ወደ እናቷ እንዲመልሳት አስማልኩት። ደላላ ሲምል ፈጣን ነው። መመለሱን እስካሁን አላውቅም፤ ይቆረቁረኛል።

ከዚያ የግል ማቆያ ሄድኩ። ጥሩ ግቢ ነው፤ አጥሩ ላይ ዳክዬና አይጥ ተስለዋል፤ የዳሞታ ተራራ ከበስተጀርባው ይታያል። ባለቤቷ ወላጆችን ሁሉ «ማሚ» ነው የምትለው።

«ማሚ፣ እኛ ጋ ልጅ አያለቅስም» አለችኝ፣ በሩን ከመክፈቷ በፊት።

አላለቀሱም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ዐሥራ አንድ ልጆች በምንጣፍ ላይ እንደ ሳሙና ተደርድረው ተኝተዋል። የእኔዋ አራት ሰዓት ላይ ተኝታ አታውቅም፤ በዚያ ሰዓት ቤት ነው የምታፈርሰው። ቁልፌን ሆን ብዬ ሲሚንቶው ላይ ጣልኩት። አንድም ዐይን አልተገለጠም።

«ምን ብትሰጧቸው ነው እንዲህ የሚተኙት?»

«ፍቅር ነው፣ ማሚ።»

መስኮቱ ጠርዝ ላይ የጉንፋን ሽሮፕ ጠርሙስ አለ፤ ማንኪያው ከጎኑ ነው፣ ገና እርጥብ። ዐሥራ አንዱንም በአንድ ቀን ጉንፋን አይዛቸውም። አመስግኜ ወጣሁ። ማታ ለማውቃት አንዲት እናት ስነግራት፣ ልጇ እዚያ የምትውል ናት፣ ተቆጣችኝ። «እሺ የት ላድርሳት ታዲያ?» አለችኝ። ሰው ለምን እንደማያይ ያን ቀን ገባኝ፤ ካየ በኋላ የሚሄድበት ስለሌለው ነው።

አንዱ ሳምንት እንዲህ አለቀ። ልብሷን ማጠብ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ከበላያችን ያሉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሞቱ። ለቅሶ የማይቀር ነገር ነው፤ ልጄን አዝዬ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት እንደ እኔ ያለች አዲስ ሐዘንተኛ የክብር እንግዳ ናት። ስገባ የደከመው ለቅሶ ታደሰ፤ ሴቶቹ ሟቹን ትተው የእኔን ባል ያለቅሱ ጀመር። ሽማግሌው በገዛ ድንኳናቸው ተረሱ። እኔም ከሁሉም ጋር ሳለቅስ፣ ከጀርባዬ አውርጄ ያስቀመጥኳት ልጄ ተነሥታ መሄዷን አላወቅኩም።

ሳውቅ ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሣሁ። ከኋላ ለእንግዳ የሚሆነው ትልልቅ ድስት ሦስት ቦታ ይፈላል። እየሮጥኩ ሄድኩ።

ከእሳቱ ራቅ ብሎ አንድ ሰፊ ሳፋ ተቀምጧል፤ ሳፋው ውስጥ ሦስት ሕፃናት፤ መካከለኛዋ የእኔ ናት፣ በባዶ እግሯ፣ ኩባያ እየነከሰች። በሳፋውና በእሳቱ መካከል የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ቆማ ሰሃን ትቆጥራለች። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው። ከእኔ አምስት ዓመት ብትበልጥ ነው። በባሌ ለቅሶም እሷ ናት የቆጠረችው፤ ያን ጊዜ ግን እንኳን እሷን ሰማዩንም አላየሁም።

ልጄን ላነሣ ጎንበስ ስል በክንዷ ከለከለችኝ።

«የማን ነው ይሄ?»

አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም ሲያሻት «አንተ» ትለኛለች።

«የኔ ናት።»

«ሁሉም የኔ ይላል። ጫማው ምን ቀለም ነው?»

ተናደድኩ። እያለቀሰች የመጣች እናት የጫማ ቀለም ትጠየቃለች? «ቀይ ነው፤ የግራው ማሰሪያ ተበጥሷል» አልኳት። ከሽርጧ ኪስ ሁለት ትንንሽ ቀይ ጫማዎች አወጣች፣ የግራውን አይታ ሰጠችኝ፣ ከዚያ ልጄን። ወደ ሰሃኗ ተመለሰች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ አይዞሽም አላለችም።

ንዴቴ እስከ ቤት አደረሰኝ። በራችን ላይ ስደርስ ጠፋ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ልጄን ማንም እንዳይወስዳት ያሰበ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያም ሰው እናቷ አልነበረችም።

በማግሥቱ ልጄን ቀን ቀን ትይዝልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ዕቃ ጠባቂዋ ቤት ሄድኩ። የእድሩ ዕቃ ቤት በግቢዋ ውስጥ ነው። የጉድጓዱ አፍ በቆርቆሮ ተከድኖ ተቆልፏል፤ ቢላዎቹ ከፍ ያለ ምስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ የውጭው በር ሁለት መቀርቀሪያ አለው። ልጠይቃት ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

«ይናከሳል?»

«አልፎ አልፎ።»

«ጥሩ፤ ጥርስ አለው። ቦይና ይበላል?»

ቦይና ጎደሬ ነው፤ በደንብ ትበላለች አልኳት።

«ካመመው አታምጣ። ማታ ካረፈድክ ሌላ ፈልግ። ሰው ከሞተ ከእኔ ጋር ድንኳን ይሄዳል።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ልጄ አባቷን በቀበርንበት ዓመት በየለቅሶው ስትዞር ታየችኝ። «ልጅን ለቅሶ ቤት?» አልኳት።

«ለቅሶ ቤት ሁለት መቶ ዐይን አለ። አንተ ቢሮ ስንት አለ?»

ቆጠርኩ። የአለቃዬ ሁለት፣ የዘበኛው ሁለት። የዘበኛው ብዙ ጊዜ የተከደኑ ናቸው። ተስማማሁ።

አንድ ደብተር አወጣች፤ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣ በየገጹ ሰሃንና ኩባያ፣ ማን እንደወሰደ፣ ማን እንደመለሰ። ሕጓ አንድ ነው፤ የወሰደ ይመልሳል፣ የሰጠ ይረከባል። ለልጄ አዲስ ገጽ ገለጠችና እንድጽፍ ሰጠችኝ። «ተረካቢ» ብዬ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ከሥሩ «ሁለተኛ ተረካቢ» ብዬ ጻፍኩ፤ በመዝገብ ቤት ልማድ እጄ ራሱ ነው የጻፈው። ማንን እንደምጽፍ አሰብኩ። ባዶውን ተውኩት።

በቀሩኝ የፈቃድ ቀናት ልጄን እዚያ እያዋልኩ ሦስት ጊዜ ሳልናገር ሄጄ አየሁ። አንዴ ስደርስ ልጄ ፊቷን በቦይና ለቅልቃ ተቀምጣለች። አንዴ ተኝታ ነበር፤ መቀርቀሪያው ሲንኳኳ ነቃች፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ከውጭ ሆኜ ጩኸቷን ሰማሁ።

«ምን ሆና ነው?»

«ቢላዋ ፈለገ። ከለከልኩት።»

እናት ልጇ ስታለቅስ ሰምታ እፎይ ማለቷ ነውር ይሆን? እኔ እፎይ አልኩ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። የአማቴ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ እሳቸው ግን ሐሙስ መጡ። በቆሎ የጫነ መኪና አግኝተው ነው። ጎረቤት ልጅቷ የት እንደምትውል ነገራቸውና በቀጥታ ወደዚያ ሄዱ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ወጥቼ የዕቃ ጠባቂዋን በር ሳንኳኳ ነው።

አማቴ ግቢው ውስጥ፣ የእድሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ ጭናቸው ላይ ናት። በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ የዕቃ ጠባቂዋ ወገብ ላይ ነው።

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ታስሬያለሁ» አሉኝ አማቴ።

«አልታሰሩም» አለች ዕቃ ጠባቂዋ። «ምሳ ሰጠሁ። ልጅ ያዙ አልኩ። ብቻቸውን መሄድ ይችላሉ፤ ከልጅ ጋር አይወጡም።»

«አያቷ ነኝ አልኳት። ፊቴን አሳየኋት። ይሄ አፍንጫ የማን ነው? የኔ አይደለም? ‹አፍንጫ አይፈርምም› አለችኝ!»

«አይፈርምም» አለች ዕቃ ጠባቂዋ።

«አባቷ የኔ ልጅ ነው አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?»

ዕቃ ጠባቂዋ መሬት መሬት አየች። «‹አባቱ መጥቶ ይንገረኝ› አልኩ» አለች።

በእሱ ለቅሶ ሰሃኑን የቆጠረችው ራሷ ናት፤ እንደማይመጣ ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምትለውን ነው ያለችው። አማቴን አየሁ፤ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ሳቅ ነው። መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ድረስ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት በእኔ ላይ ብቻ ነበር፤ ይህኛው ሌላ ነው። እኔንም ያዘኝ። ሐዘንተኞች እንዲህ ሲስቁ ሰው ቢያየን ምን እንደሚል እያሰብኩ ሳቅኩ። ዕቃ ጠባቂዋ ሁለታችንንም ትክ ብላ አየችንና ልጅቷን ከአማቴ ጭን ላይ እንዳትወድቅ ደገፈቻት።

አማቴ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «የኔ መጋዘን ጠባቂ ባለፈው ሰሞን ‹የአጎታቸው ልጅ ነኝ› ላለው ሰው ሁለት ኩንታል አስጭኖ ሸኘው» አሉኝ። «ይህቺን ሴት በዴሳ ብወስዳትስ?»

«አይሆንም፣ እማማ።»

«ልጅቷንም አይሆንም፣ ሴትዮዋንም አይሆንም።»

«ሁለቱንም።»

ቀስ ብለው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። «ታዲያ እኔ በመጣሁ ቁጥር እዚህ አግዳሚ ላይ ልቀመጥ ነው?»

ዕቃ ጠባቂዋ ወደ ቤት ገብታ ደብተሩን ይዛ መጣች። የልጄን ገጽ ገልጣ፣ ባዶውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። በዚያ መስመር ላይ መጻፍ የነበረበት ስም አንድ ነው፤ የትኛውም ደብዳቤ፣ የትኛውም ማኅተም አይመልሰውም። እናቱ ከጎኔ ቆመው ይጠብቃሉ። የእሳቸውን ስም ጻፍኩ። አማቴ መጻፍ አይችሉም፤ ከቦርሳዬ የመሥሪያ ቤቱን የቀለም ፓድ አወጣሁላቸው፣ አውራ ጣታቸውን አጠቀሱና ከስማቸው አጠገብ ጠበቅ አድርገው አሳረፉ። ጣታቸውን ካነሡ በኋላም ገጹን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አሁን ይውሰዱት» አለች ዕቃ ጠባቂዋ፣ መቀርቀሪያዎቹን እየሳበች። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ግን እዚህ ይሁን።»

አማቴ ልጅቷን አዝለው ወጡ። መንገዱ ጭቃ ነበር። በየደጁ ለተቀመጡት ሁሉ ሰላም እያሉ፣ ‹የልጄ ልጅ ናት› እያሉ፣ ከፊቴ ቀስ ብለው ወደ ቤታችን ሄዱ። እኔ እጄ ባዶ ሆኖ ከኋላቸው ተከተልኩ።